ከጨንቻ እስከ ሲቀላ፦ የጋሞ ቤትና የአየሩ ጠባይ

ከአርባምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ተጓዡ ሲነሣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሙዝና በማንጎ ማሳ መካከል ነው። ሲደርስ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወጥቶ እንሰትና ገብስ ከብበውት ይቆማል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ በዚህች አጭር ጉዞ 8 ወይም 9 ዲግሪ ይወርዳል። ታች ሸሚዙ የከበደው ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉት ቤቶችም ዱሮ እንዲሁ ይለያዩ ነበር። ዛሬ ግን ታችም ላይም የሚያብለጨልጨው ያው ቆርቆሮ ነው።

የሕንፃ ንድፍ ባህልን ይገልጻል፣ ለአየር ንብረትም ምላሽ ይሰጣል ሲባል የሚቃወም ሰው የለም። የሚቃወም ስለሌለም አባባሉን አገላብጦ የሚያየው ጥቂት ነው። ባህልና አየር ንብረት ባይስማሙስ? አንዱ ክፈት ሲል ሌላው ዝጋ ቢል፣ አንዱ ጭቃ ሲያዝ ሌላው ብሎኬት ቢመኝ፣ የማን ቃል ይጸናል? ይህን ለመመርመር የጋሞ ዞንን ያህል የተመቸ ቦታ በአገራችን ማግኘት ቀላል አይደለም። አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ በባህልም የሚቀራረብ ሕዝብ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች ዳርቻ፣ ከ1,100 ሜትር ገደማ ጀምሮ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር እስከሚያልፈው የጉጌ ተራራ ግርጌ ድረስ ተዘርግቶ ይኖራል። ሕዝቡ አንድ ሆኖ አየሩ ስለሚለያይ፣ የአየሩ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚያበቃና የሰው ድርሻ የቱ ጋ እንደሚጀምር ለመለየት ይረዳል።

በሕንፃ ንድፍ ሙያ ውስጥ ክርክሩ ቆይቷል። ቪክቶር ኦልጊያይ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ አርክቴክቱ ከሁሉ አስቀድሞ ፀሐይን፣ ነፋስንና እርጥበትን እንዲቆጥር አሳሰበ። በዓመቱ በርናርድ ሩዶፍስኪ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትርኢት አዘጋጅቶ ያለ አርክቴክት የተሠሩ መንደሮች ከብዙ ዘመናዊ ሕንፃ ይልቅ ብልህ እንደሆኑ አሳየ። አሞስ ራፖፖርት ግን እ.ኤ.አ. በ1969 የተለየ ነገር ይዞ መጣ። የቤትን ቅርጽ በመጀመሪያ የሚወስነው የሕዝቡ አኗኗርና እምነት ነው፤ አየር ንብረት፣ ቁሳቁስና ቴክኒክ ያንን ያርቃሉ፣ ይገድባሉ እንጂ አይወልዱትም የሚል ነው መከራከሪያው። እኔ ወደ ራፖፖርት አደላለሁ። ነገር ግን ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ የሆነው የዶርዜ ሕዝብ ቤት ፊት ለፊት ሲቆሙ ሁለቱን መለየት እሱ እንዳለው ቀላል አይሆንም።

የዶርዜ ቤት በኢትዮጵያ ብዙ ፎቶግራፍ ከሚነሡት ቤቶች አንዱ ነው፤ አሠራሩን ልብ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ጽሑፍ የቀርከሃ ቅርጫት ብላዋለች። እውነቷን ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ በክብ መሬት ላይ ይተከላል። ሌላው ስንጣቂ ከታች ወደ ላይ አግድም እየተጠላለፈ ይወጣል። ቁመቱ ሲጨምር አዲስ ስንጣቂ እየተቀጠለ፣ ዙሪያው እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ይገጥማል። መሐል ላይ ምሰሶ የለም። እዚህ ላይ ግድግዳው አለቀ፣ ከዚህ በላይ ጣሪያ ነው የሚባልበት ቦታም የለም፤ ከጉልላቱ እስከ መሬቱ አንድ ቆዳ ነው። ከውጭ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት በወፍራሙ ይለብሳል። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ይህ የዛሬ ሦስትና አራት ፎቅ ቁመት ነው። ምስማርም፣ ሲሚንቶም አልገባበትም።

ዶርዜ በሽመና የታወቀ ሕዝብ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጥለት የለመደ እጅ ቀርከሃ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ቤቱ ይናገራል። በአንጻሩ ይህ ጥበብ ያለ ደጋው ቀርከሃ አይታሰብም። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲሰነጥቁት ቀጥ ብሎ ይከፈታል። በቆላ የሚበቅለው፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሰፊው የሚገኘው ሌላው ዝርያችን ግን ውስጡ ድፍን ነው። ስለዚህ ቁሳቁሱን የሰጠው አየሩ ነው፤ ቁሳቁሱ በዚህ መንገድ እንዲጠለፍ ያደረገው ደግሞ የሸማኔው እጅ ነው። ከሁለቱ የቱ ይቀድማል ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም።

ወደ ውስጥ እንግባ። ደጃፉ ጠባብና ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ከደጃፉ በላይ ወደ ፊት የወጣ እንደ በረንዳ ያለ ክፍል አለ፤ እንግዳ የሚያርፈው እዚያ ነው። ይኸው ክፍል የተራራውን ቀዝቃዛ ነፋስ ከዋናው ቤት ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ምድጃው አለ። በአንድ ወገን በቀርከሃ የተከለለ ቦታ ከብቶች ያድራሉ። ከብት ቤት ውስጥ ማሳደር የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይነቀፋል። ነቃፊው ግን ሌሊቱን ጨንቻ አላደረም። ላምና በሬ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰጡት ሙቀት ማገዶ አይጠይቅም። ከሌባና ከአውሬም ይጠበቃሉ። በማለዳ የሚወጣው ፍግ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው እንሰት ይሄዳል። እንሰቱ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ ቅጠሉ ተመልሶ ቤቱን ያለብሳል። ቤቱ፣ ከብቱና ጓሮው በአንድ ዑደት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ስትነካ ሌላው ይናጋል። በእኛም በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አዲስ ቤት ለገባ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» መባሉ ቤትና ከብት በደጋ ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደተጋመዱ ያስታውሳል።

ጢሱስ? ሰፊ የጢስ መውጫ የለም፤ መስኮትም የለም። ጢሱ ወደ ረጅሙ ባዶ ቦታ ይወጣል፣ እዚያ ይጠራቀማል፣ በልባሱ ውስጥ እየሰረገ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲወጣ ቅጠሉንና ቀርከሃውን ያደርቃል፣ ተባይ ያርቃል፣ የቤቱን ዕድሜ ያረዝማል። የቁመቱ ርዝመት ለትዕቢት ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይገባናል፤ ቤቱ ሲረዝም ጢሱ ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ይሆናል። ቁልቁለቱ ደግሞ ለወራት የማያቋርጠውን የደጋ ዝናብ አንድ ጠብታ ሳያሳድር ያወርደዋል። ይህን ሁሉ ብንልም ቤቱን ገነት ማስመሰል ነውር ነው። በዚያ ጢስ ውስጥ ስታበስል የምትውለው ሴትና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ዓይናቸውና ሳንባቸው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ቤቱ በቀንም ጨለማ ነው። እሳት ከተነሣ ደግሞ ቅጠልና ቀርከሃ ጊዜ አይሰጥም። ቤቱን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ሲዘሉት እናያለን፤ ከቤቱ የወጣውን ወጣት ግን ያስወጣው አንዱ ይኸው ነው።

የዚህ ቤት ሌላው ልዩ ነገር አረጀ ማለት አጠረ ማለት መሆኑ ነው። ምስጥና እርጥበት የቀርከሃውን እግር ይበሉታል። ያን ጊዜ የተበላው ክፍል ይቆረጥና ቤቱ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ቁመቱ እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። የመንደሩን ቤቶች ቁመት አይቶ የትኛው ታላቅ የትኛው ታናሽ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ጎረቤት ይጠራና፣ እንጨት ከሥር ይገባና፣ ቤቱ እንዳለ በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ሥራው የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ተሸካሚ ጎረቤት የሌለው ሰው ቤቱን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ጥሪ ሲመጣ ያልሄደም ጠርቶ አያገኝም። አየሩ ምስጡን ያመጣል፣ መልሱን የሚሰጠው ጉርብትናው ነው። በስምጥ ሸለቆ ጫፍ ላይ፣ ምድር በምትንቀጠቀጥበት አገር፣ ቢወድቅ እንኳ ሰው የማይገድል ቀላል ቤት መሆኑም ሌላ በረከት ነው፤ ይህን ግን ሠሪዎቹ አስበውበት ነው ብዬ አልምልም።

ስለ ዝሆኑም አንድ ነገር ልበል። የቤቱ ቅርጽ የዝሆን ራስ ነው፣ የወጣው ደጃፍ ኩምቢው፣ ከላይ ያሉት ሁለት የጢስ ቀዳዳ መሳዮች ዓይኖቹ ናቸው ተብሎ ለቱሪስት ይነገራል። ዝሆን ዱሮ በአካባቢው ነበር፣ አሁን የለም፤ ቤቱ መታሰቢያው ሆኖ ቀረ ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ ሕዝቡም ይወደዋል፤ ሕዝብ ስለ ቤቱ የሚናገረው ታሪክ የባህሉ አካል ስለሆነ መናቅ የለበትም። ችግሩ ታሪኩ አሠራሩን መሸፈኑ ላይ ነው። ኩምቢው ነፋስ እንደሚመልስ፣ ቁመቱ ጢስ እንደሚያነሣ ሳይነገረው ጎብኚው ዝሆን አይቶ ይመለሳል። የኛም ሆቴል ሠሪዎች የወሰዱት ዝሆኑን ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

እስካሁን ያልነው አየር ንብረት የቤቱ አባት እንደሆነ ያስመስላል። እንዲህ ከሆነ ግን በዚያው ከፍታ ያሉት የዶርዜ ጎረቤቶች ያንኑ ቤት መሥራት ነበረባቸው። በጋሞ ደጋ ሕዝቡ አርባ ገደማ በሚሆኑ፣ ደሬ በሚባሉ ማኅበረሰቦች ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ መሬት፣ የራሱ ጉባኤ፣ ሀላቃ የሚባሉ የራሱ አለቆች ነበሩት፤ በብዙዎቹም ካኦ የሚባል ንጉሥ ነበር። ከዶርዜ ወጣ ሲሉ ዝቅ ያሉ፣ ግድግዳና ክዳናቸው የተለየ፣ በሣር ወይም በእህል አገዳ የተከደኑ ቤቶች ይገጥማሉ። ዝናቡ ያው፣ ብርዱ ያው፣ ቀርከሃውም ሩቅ አይደለም። ቤቱ ግን ሌላ ነው። ደሬ ከደሬ በድንበር ብቻ ሳይሆን በቤቱም ይለይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ከሞላ ጎደል የጨንቻን ከፍታ ያህላሉ፤ ብርዱም ይመሳሰላል። ወደዚያ የፈለሱት የዶርዜና የሌሎቹ የጋሞ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን፣ እግር የሚገባበትን ጉድጓድ፣ የመስቀል በዓላቸውን፣ ቋንቋቸውን ይዘው ሄዱ። የቀርከሃውን ቤት ግን ይዘው አልሄዱም። የገቡት በጭቃና በባሕር ዛፍ ማገር በተሠራ፣ ቆርቆሮ በለበሰ፣ እርስ በርሱ በተጣበቀ የከተማ ቤት ውስጥ ነው። አየሩ ስላልተለወጠ ምክንያቱ አየሩ ሊሆን አይችልም። የተለወጠው መሬቱ ነው። ጓሮ የለም፣ እንሰት የለም፣ ከብት የለም፣ ቤት የሚያዛውር ትከሻም የለም። ኪራይ፣ ቀበሌና ካርታ መጡ። ራፖፖርት በሽሮ ሜዳ አለፍ ብሎ ቢሆን መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ይጨምር ነበር።

ስለ ባህልና ሕንፃ ስናወራ ቤትን ብቻ ማየታችንም ይገርመኛል። የጋሞ ትልቁ የሕዝብ ሥፍራ ግድግዳም ጣሪያም የለውም፤ ዱቡሻ ይባላል። ሜዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንጋፋ ዛፍና ድንጋይ አለበት። ሽማግሌዎች በማዕረጋቸው ተራ ይቀመጣሉ፣ ነገር ይሰማል፣ ጎሜ፣ ማለትም ክልክል የሆነው ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ አካባቢ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ተፈጽሞ የአርባምንጭ ወጣት ለበቀል ሲነሣ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያን ሥልጣን የሰጣቸው ሕንፃ የለም፤ ሥልጣኑ በሜዳ ላይ በተቀመጡበት ተራ የተገነባ ነው። ዛሬ ስብሰባው ወደ አዳራሽ ገብቷል። ሚያዝያና ግንቦት፣ የአርባምንጭ ዝናብ በሚበረታበት ወቅት፣ ኮርኒስ በሌለው አዳራሽ የቆርቆሮው ጩኸት የተናጋሪውን ድምፅ ይውጠዋል። ዱቡሻ ላይ ሲዘንብ ሰው ይነሣል፤ እዚህ ተቀምጦ አይሰማም።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። አርባምንጭ ወጣት ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ ደቡቡን ካስገበሩ በኋላ የመጣው ሠራዊትና ሹም የሰፈረው ደጋው ላይ ነበር፤ ጨንቻም እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ቆየች። ከተራራ ላይ ማየት፣ መከላከል ይቀላል፤ የሰሜን ደገኛውም ብርዱን ያውቀዋል። ቆላው በወባ ይፈራ ነበር። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቋቋመ በኋላ ዲዲቲ ተረጨ፣ መንገድና ሰፋፊ እርሻ ታሰበ፣ ዋና ከተማው ወደ ሐይቆቹ አፋፍ ወረደ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕዝብ ዛሬ በሞቃት ቆላ ቤት የሚሠራው በመንግሥት ውሳኔ ነው። የአየር ንብረት ጥያቄውን የፈጠረው ፖለቲካ መሆኑ አይዘንጋ።

የወረደው ሰው ምን ይዞ ወረደ? ከደጋ የመጣው ገበሬ የቀርከሃውን ቤት አልተከለም። ቀርከሃው እዚያ አይበቅልም፣ ምስጡ ይፈጥናል፣ ወፍራም ልባስና ዝግ ቤት በ30 ዲግሪ ሙቀት እቶን ነው። እዚህ ላይ ኦልጊያይ ትክክል ነው፤ አየሩ እንቢ ብሏል። የቆላው የዱሮ ቤት በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ሣሩ ከግድግዳው አልፎ የተንጠለጠለ፣ በክዳኑና በግድግዳው መካከል አየር የሚያልፍበት ነበር። ሰውም ቀኑን የሚውለው ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ዛፍ ሥር ነው። ማንጎው፣ ሽፈራው፣ ዋርካው ሳሎን ናቸው። ዛፉን ቆርጦ ቤቱን የሚያስፋፋ ሰው ክፍል የጨመረ ይመስለዋል፤ ትልቁን ክፍሉን ግን አፍርሷል።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። አርባምንጭ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። በቀሩትም ወራት ከአናት ብዙ አትርቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ ሙቀት የሚገባው በዋናነት በጣሪያ ነው። አንድ ንብርብር ቆርቆሮ፣ ያለ ኮርኒስ፣ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም፤ ያን ሙቀት ወደ ታች ይተፋል። ሌሊት ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለጨንቻ ብርድም ለአርባምንጩ ሰፈር ለሲቀላ ሙቀትም አይበጅም። በጣሪያው ላይ የአቅጣጫ ስሕተት ይጨመርበታል። የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ ፀሐይን የሚያገኘው ከፍ ብላ ስለሆነ ከግድግዳው የወጣ አጭር የክዳን ጠርዝ ይበቃዋል። የምሥራቁና የምዕራቡ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ የክዳን ጠርዝ አያድነውም። ከተማው ውስጥ ግን መስኮት የሚከፈተው መንገዱ ወዳለበት ነው፤ መንገዱ ወደ ምዕራብ ከሆነ መስኮቱም ወደ ምዕራብ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ፀሐይም አልጋው ላይ። ከሁለቱ የአርባምንጭ ሰፈሮች ሴቻ ከፍ ያለች ስለሆነች ነፋስ ታገኛለች፤ ሲቀላ ዝቅ ብላ ሙቀቱን ትይዛለች። ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከተራራው ወደ ታች የሚነፍሰውን አየር የሚቀበል ሁለት ትይዩ መስኮት ያለው ክፍል ግን በሁለቱም ሰፈር ብርቅ ነው።

መስኮቱ ለምን አይከፈትም? ወባ አለ። ቆላ ውስጥ አየርና ትንኝ የሚገቡት በአንድ ቀዳዳ ነው፤ በሙቀት ወይስ በወባ መሠቃየት ይሻላል የሚል ምርጫ ለብዙ ሰው የዕለት ጉዳይ ነው። መልሱ ውድ ማሽን አይደለም። ፈቃዱ ማሴቦና በርንት ሊንትዮርን በአርባምንጭ አቅራቢያ ጫኖ ውስጥ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት በርና መስኮት ላይ የሽቦ ወንፊት ሲገጠም ቤት ውስጥ የሚገኘው የወባ ትንኝ በ40 በመቶ ቀንሷል። ወንፊት የገጠመ ሰው መስኮቱን ሌሊት ከፍቶ ይተኛል። ስለ ሕንፃና ስለ አየር ንብረት በአካባቢው ከተጻፈው ሁሉ ለነዋሪው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ የሕክምና ጥናት ይመስለኛል፤ የጻፉት ግን አርክቴክቶች አይደሉም።

እንግዲህ ቆርቆሮ ሙቅም ቀዝቃዛም ከሆነ፣ ጩኸታምም ከሆነ፣ ሰው ለምን ይሞትለታል? እዚህ ላይ የባህል ተቆርቋሪዎች የሚሳሳቱ ይመስለኛል። ቆርቆሮን የባህል ጠላት አድርገው ያዩታል። በጋሞ ደጋ መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው፤ ሸማኔው ከአዲስ አበባ ይመለሳል፣ ያፈራውን ያሳያል። ለአባቱ ያሠራው የቆርቆሮ ቤት ከሩቅ ሲያበራ ልጁ እንደተሳካለት መንደሩ ሁሉ ያነብባል። ዱሮ 12 ሜትር የረዘመ አዲስ የቀርከሃ ቤት የሚናገረውን ዛሬ ቆርቆሮው ይናገራል። ባህል ማለት የዱሮው ብቻ ከሆነ ሕያው ሰዎች ባህል የላቸውም ማለት ነው። ደግሞም ቆርቆሮን የመረጡት ሰዎች ምክንያት ተጨባጭ ነው። የጢሱ ጉዳት፣ የእሳቱ ስጋት፣ የቀርከሃው እጥረት፣ እንሰትን የሚያጠፋው የአጠውልግ በሽታ፣ ሸማኔነት ወደ ከተማ የወሰደው የወጣት ጉልበት፤ እነዚህ ሁሉ የዱሮውን ቤት ውድ አድርገውታል። ለአንድ የዶርዜ ቤት የሚሆነው የሰው ኃይል ዛሬ ሽሮ ሜዳ ተቀምጧል።

ለዚህ የተሰጠው አንዱ መልስ ቅርጹን መቅዳት ነው። በሎጅና በሆቴል በር ላይ የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ደጃፍ፣ በሲሚንቶ የተሠራ ጎጆ፣ ከቆርቆሮ በላይ የተረበረበ ሣር እናያለን። አንዳንዱ ያምራል፣ ሣሩም ሙቀት ይቀንሳል። ብዙው ግን የባህል ልብስ የለበሰ ብሎኬት ነው። ውስጡ ቬንትሌተር ሳይዞር አይተኛበትም። ሌላው መልስ ከዚህ ይብሳል፤ በመስታወትና በአሉኮቦንድ የተሸፈነ ፎቅ ከአዲስ አበባ ተገልብጦ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ መስታወቱ ብርድ ሊያስታግስ ይችል ይሆናል፤ ሲቀላ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ሂሳብ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተሠራው የኮንዶሚኒየም ዓይነትም ይህን አስተሳሰብ ያጸና ነው። ለመጠለያ እጦት የሰጠው መልስ አይናቅም፤ ግን ደጋና ቆላን በአንድ ንድፍ ማስተናገድን ልማድ አደረገ።

የውጭውም ዓለም ልምድ ሁለት የሚጠቅሙ ታሪኮች አሉት። ግብፃዊው ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብ፣ በቅስትና በጉልላት ሠራ። ለሙቀቱ የሚስማማ፣ ርካሽ፣ ውብም ነበር። እንዲሰፍሩበት የታሰቡት ሰዎች ግን አንሄድም አሉ። መነቀላቸውን ጠሉ፣ ጉልላቱም የመቃብር ቤት ይመስል ነበር። አየሩን ያዳመጠ ንድፍ ሰውን ስላላዳመጠ በአብዛኛው ባዶውን ቀረ። የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በትውልድ መንደሩ በጋንዶ ትምህርት ቤት ሲሠራ ጭቃውን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር አደባልቆ ጡብ አደረገ። ሕዝቡ የለመደውንና የሚመኘውን ቆርቆሮም አላባረረም። ቆርቆሮውን ከጡቡ ኮርኒስ በላይ በብረት አንሥቶ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ አደረገ። ሞቃቱ አየር በኮርኒሱ ቀዳዳ ይወጣል፣ በመስኮት ቀዝቃዛው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ለአርባምንጭ የሚሆነው ከፈትሒ ይልቅ ኬሬ ነው እላለሁ። የኬሬ ጣሪያ የሚሠራው ሥራ ደግሞ የዶርዜ ቤት ረጅም ባዶ ቦታ ከሚሠራው ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱም አየርን በከፍታ ያንቀሳቅሳሉ። ከዶርዜ መውረስ ያለብን ኩምቢውን ሳይሆን ይህንን ነው፤ ከሱም ጋር የተበላውን ቆርጦ የመጠገን ልማዱን፣ በቅርብ የሚበቅለውን የመጠቀም ብልሃቱን።

ሕጉ በር ዘግቷል አይባልም። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የግንባታ ፈቃድንና ቁጥጥርን ሥርዓት አስያዘ፤ ከተሞችም የሕንፃ ሹም አላቸው። በተግባር ግን ፕላን ሲቀርብ ዓይን የሚያርፈው ብረቱ፣ ኮንክሪቱና የድንበር ርቀቱ ላይ ነው። የምዕራብ መስኮት ለምን ከፈትክ ብሎ ፕላን የሚመልስ መሐንዲስ አያጋጥምም። አርባምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነ ትልቅ ተቋም አላት። በአንድ ቀን ከ1,100 ሜትር እስከ ብርዱ ጫፍ ወጥቶ ቤቶችን መለካት የሚችል ተማሪ በየት አገር ይገኛል? የዶርዜን ቤት፣ የቆላውን የሣር ጎጆ፣ የቆርቆሮውን ቤትና የብሎኬቱን ፎቅ ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ ዓመቱን ሙሉ ለክቶ ለሕዝብ ማውጣት ከብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅማል። ቀርከሃውን ከምስጥ የሚያድን ርካሽ ሕክምና መፈተሽም እንዲሁ።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶቹ ለአርባምንጭና ለጨንቻ በአንድ ዓይነት ፕላን ላይ መፈረማቸውን ያቁሙ። በቆላው ፈቃድ ሲሰጥ የጣሪያው ንብርብር ስንት እንደሆነ፣ ዋናው መስኮት ወዴት እንደሚያይ፣ ወንፊት መኖሩን ይጠይቁ፤ በደጋው ደግሞ ጢሱ በየት እንደሚወጣና ሙቀቱ እንዴት እንደሚያድር። አንተም ቤት ለመሥራት የተነሣህ አንባቢ፣ ሴቻም ሁን ሲቀላ፣ ቆርቆሮህን ከኮርኒሱ ከፍ አድርገህ ነፋስ አሳልፍበት፣ መስኮትህን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ክፈት፣ ግቢህ ውስጥ ያለውን ማንጎ አትቁረጥ።